እናቴ የከለከለችው መድኃኒት

መርሳ ውስጥ እናቴን የሚያውቃት ሰው ሁሉ «ንፉጓ መሪማ» ይላታል። ፊት ለፊት አይሏትም፤ እናቴ ፊት ለፊት የሚደፍሯት ዓይነት ሴት አይደለችም። ከኋላዋ ግን ገበያም፣ ሠርግ ቤትም፣ ውኃ መቅጃም ሲሏት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔም ለብዙ ጊዜ እውነታቸውን ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ስትከለክል በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ በዓይኔ አየሁ ካለች አለች ነው፤ ማንም አያስክዳትም።

ይህን የምጽፈው የእናቴን ስም ለማጽዳት እንዳይመስላችሁ። እሷ ስሜን አጽዱልኝ ብላ ማንንም ለምና አታውቅም። ልሞክር ብል እንኳ «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ነው የምትለኝ። የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው፤ ንዴቱም ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ወንድሜ ዓሪፍ የሚጥል በሽታ አለበት። በዚያን ዘመን አምስት ዓመቱ ነበር። ጨዋታ ላይ እያለ ድንገት ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ እጅና እግሩ ይገተራል፤ ከዚያ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ይለቀዋል። አንዳንዴ ግን አልለቅ ይለዋል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ አረፋ ይደፍቃል። ይሄኔ ጎረቤቱ ክብሪት ይዞ ይሮጣል። እኛ ዘንድ የጣለው ሰው ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዝለታል እንጂ በእጅ አይነካም። እናቴ ክብሪት ይዞ የመጣውን ሁሉ ከደጅ ትመልሳለች። አንዴ የጎረቤታችንን የናጅዋን እጅ ጠፍ አድርጋ ክብሪቱን መሬት ላይ በተነችው።

«አፍንጫውን ልትለበልቢው ነው? ዞር በይ፣ አየር ያግኝበት!»

ከዚያ ዓሪፍን በጎኑ ታስተኛዋለች፤ ሻሿን አጣጥፋ ጭንቅላቱ ሥር ታደርጋለች፤ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን፣ ታወጣና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጎረቤቱ «መሪማ ዱዓ ላይ ናት» ብሎ ዝም ይላል። ዙሩ እስኪያልቅ ቤት ቢቃጠል ቀና አትልም። ዙሩ አልቆ ዓሪፍን ካልለቀቀው ብቻ መድኃኒቷን ታወጣለች። ከትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ በስሪንጅ ትስባለች፣ መርፌውን ትነቅላለች፣ ሱሪውን ዝቅ አድርጋ በመቀመጫው በኩል ትሰጠዋለች። ትንሽ ቆይቶ ጡንቻው ይላላል፤ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ መድኃኒቱን «የእንቅልፍ መድኃኒት» ነበር የሚለው። እኔማ ዓሪፍ የሚወድቀው እንቅልፍ አጥቶ ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒቱን የሰጠቻት ወልድያ የምትሠራ ሲስተር ወይንሸት የምትባል ነርስ ናት። የሰጠቻት ዕለት አብሬ ነበርኩ። ከመርሳ በሚኒባስ ሄደን፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ተሳፍረን፣ ዓሪፍ እናቴ ጭን ላይ ብስኩት እየበላ። ሲስተር ወይንሸት አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እናቴ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች፤ ሲስተር የእጅ ሰዓቷን እያየች «እንደገና፣ መሪማ። አትቸኩዪ፤ በመጀመሪያው አረማመድ ሂጂ» ትላታለች። እናቴ እንደገና ትጀምራለች። የሲስተርም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። የደመደምኩት ነገር ግልጽ ነበር፤ ሲስተር ወይንሸት እየሰለመች ነው። መርሳ እንደገባሁ ለልጆች ሁሉ አወራሁ። ወሬው ከሰፈራችን ሽማግሌ ከአያ ኡበይደላ ጆሮ ደርሶ «እንኳን ደስ አለሽ፣ መሪማ፣ ለነርሷ ምክንያት ሆንሽላት» ሲሏት እናቴ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች።

ዛሬ እኔ ራሴ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነርስ ስለሆንኩ ያን ቀን የተደረገውን አውቀዋለሁ። እናቴ የእጅ ሰዓት አልነበራትም። ልጅን አምስት ደቂቃ ካንቀጠቀጠው ከዚያ ወዲያ በራሱ የመቆም ነገሩ እየራቀ፣ አንጎሉም እየተጎዳ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ የሚሰጠውም ያኔ ነው። ቶሎ ከተሰጠ ደግሞ በራሱ ለሚለቀው ልጅ ትንፋሽ የሚያደክም ነገር በከንቱ ማስገባት ነው። ሲስተር ወይንሸት አንድ ዙር ሙስበሃ አምስት ደቂቃ እንዲሞላ የእናቴን ጣት አለማመደችው። ጎረቤቱ ዱዓ የሚለው የሰዓት ቆጠራ ነበር። «ታዲያ ዱዓም አታደርጊም ነበር?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «እንዴት አላደርግ፣ ልጄ አይደለም እንዴ? ግን አላህም እንድቆጥር ይፈልጋል» አለችኝ።

ጦርነቱ ወልድያን አልፎ እኛ ዘንድ የደረሰው በክረምት ነው። አባቴ አብዱልሐሊም የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕቃ ጭኖ አፋር፣ ሎግያ እንደወረደ መንገዱ ተዘጋበት። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘርፈው በራቸው ተገንጥሎ ቀረ። ዓሪፍ በየዕለቱ የሚውጠው ኪኒን ሲያልቅ መውደቁ ባሰበት። ብልቃጦቹም በየተራ ሄደው አንድ ብቻ ቀረ። እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ይዛው ትውላለች፣ ይዛው ታድራለች።

ኅዳር ላይ መሣሪያ የያዙት ሰዎች ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመሩ። ወጣት ወንድ ካገኙ ጥይትና ቁስለኛ ሊያሸክሙት ይወስዱታል ተባለ። አያ ኡበይደላ ከከተማው ወጣ ብሎ የብርቱካን አትክልት ቦታ ነበራቸው፤ እዚያ ውስጥ ባለው መጋዘን ተደበቅን። አያ ኡበይደላ፣ ልጃቸው ሚስባህ፣ የሚስባህ ሚስት ናጅዋ፣ ገና አንገቷ ያልጸና ልጃቸው ሰዓዳ፣ እናቴ፣ ዓሪፍና እኔ። የሚጭነው መኪና ያጣ ብርቱካን በየሳጥኑ እስከ ጣሪያው ተከምሮ በስብሷል። ሽታው መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ ቆይቶ ራስ ያዞራል። ዝንብ አፍ ውስጥ ይገባል። ሚስባህ ከሳጥኖቹ ኋላ ተጋድሞ አንዳንዴ ጣቱን በሽንቁር አውጥቶ ለዓሪፍ ያወዛውዝለታል። ዓሪፍ ይስቃል፤ እናቴ አፉን ትይዘዋለች።

እኩለ ቀን ላይ ነው የመጡት። በመጀመሪያ የውሾች ጩኸት፣ ቀጥሎ ከዛፎቹ መሃል የሰው ድምፅ ሰማን። ሰዓዳ ማልቀስ የጀመረችው በዚያው ቅጽበት ነው። የናጅዋ ጡት በድንጋጤና በረሃብ ከደረቀ ሰንብቷል። ልጅቷ ትይዘዋለች፣ የሚመጣ ነገር የለም፣ ትለቀዋለች፣ ታለቅሳለች።

«እትዬ መሪማ» አለች ናጅዋ በሹክሹክታ። «መድኃኒቱን ስጪኝ።»

«የቱን?»

«የእንቅልፉን። ጠብታ ብቻ፣ ምላሷ ላይ ላርግላት።»

«አይሆንም።»

ናጅዋ የሰማችውን አላመነችም። «መጡኮ! ሚስባህን ሊወስዱብኝ ነውኮ!»

«አውቃለሁ። ቢሆንም አይሆንም። ይሄ የማባበያ መድኃኒት አይደለም፣ ናጅዋ። ይቺ ጨቅላ ናት፤ ትንፋሿን ይዞት ይሄዳል።»

«ያንቺ ልጅ ስንት ጊዜ ወሰደው? ሞተ?»

እኔም በልቤ እንደዚያው አልኩ። ዓሪፍ ስንት ጊዜ ወስዶት በማግሥቱ ዳቦ ሲለምን አይቼው የለም? እናቴ ለዓሪፍ ልታስቀርለት ፈልጋ ሰበብ የምትፈጥር ነው የመሰለኝ። ሰዓዳ የምትመዝነው የዓሪፍን ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ይህን ያኔ አላሰብኩም። እኛ ክፍል መድኃኒቱ በልጁ ኪሎ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው፤ አጠገቡም ትንፋሽ የሚሰጥ ፊኛ ሳላስቀምጥ ብልቃጡን አልሰብርም። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣች እናት፣ አልቅሶ ያስቸገራትን ሕፃን አያቱ ከሚወስዱት የእንቅልፍ ኪኒን ቆርሳ ሰጥታው፣ ታቅፋው ገባች። ፊኛውን እየተቀባበልን ጨመቅን። ልጁ ግን አልተመለሰም። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ፊኛ የለ፣ ሐኪም የለ፣ የበሰበሰ ብርቱካን ብቻ ነበር።

ልቅሶው እየጎላ ሄደ። አያ ኡበይደላ ከተቀመጡበት ተንፏቀው መጡ።

«መሪማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ስጫት።»

እኛ አገር ሽማግሌ በአላህ ከያዘሽ አለቀ፤ ከእጅሽ ያለውን ትሰጫለሽ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብልቃጡን ከነጨርቁ ጨመቀችው።

«አያ፣ እርስዎ እንደ አባቴ ነዎት። በአላህ ቢይዙኝም አልሰጥም። አላህ ራሱ ይጠይቀኝ።»

ናጅዋ ልትቀማት እጇን ሰደደች። እናቴ ያዘቻት። ሁለቱ ድምፅ ሳያሰሙ ታገሉ፤ ከዚያ እናቴ ሰዓዳን ከናጅዋ እቅፍ ወሰደች። ከክምሩ ያልበሰበሰ ብርቱካን መርጣ በጥርሷ ሸረከተችው፣ የሻሿን ጫፍ በጭማቂው አርሳ የልጅቷ አፍ ውስጥ አደረገች። ሰዓዳ ጠባችው። ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጠባች፣ ዝም አለች። እርምጃዎቹ በበሩ አጠገብ መጡ፤ አለፉ። ሚስባህ ከሳጥኖቹ ኋላ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ልጅቷ ጨርቁን ተፋችውና ጮኸች።

በሩ ተበርግዶ ብርሃኑ ዓይናችንን ወጋው። የገቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሳጥኖቹን በእግሩ መግፋት ሲጀምር ሚስባህ ራሱ እጁን አንሥቶ ወጣ። «አትተኩሱ፣ ልጆች አሉ» አላቸው። ናጅዋ እግሩን ታቅፋ መሬት ለመሬት ተጎተተች። እሱ ጎንበስ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። «አባ፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ወጣ። እኛን ምንም አላሉንም፤ በሩን እንኳ አልዘጉትም።

ዓሪፍ የወደቀው ያኔ ነው። እናቴ ሰዓዳን አያ ኡበይደላ እቅፍ ውስጥ አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረች። በጎኑ አስተኛችው። ሙስበሃዋን አወጣች። ናጅዋ ከበሩ ላይ ተነሥታ መጣችና ከበላይዋ ቆመች።

«ዱዓ አድርጊ! አሁን ዱዓ አድርጊ! ባሌን አስወስደሽ አላህን ልትለምኚ ነው? መሪማ! ቀና በዪና እዪኝ!»

እናቴ ቀና አላለችም። ናጅዋ ትከሻዋን ይዛ ወዘወዘቻት፤ ጣቷ ግን ከፍሬው አልተናወጠም። የእናቴ ልብ ድንጋይ መስሎ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ቢያንስ «አይዞሽ» አትላትም? አንድ ቃል ብትናገር ቆጠራው እንደሚጠፋባት፣ በእጇ ያለው የመጨረሻው እንደሆነና ዓሪፍ በራሱ ከለቀቀው ለነገ እንደሚተርፍ፣ ካልለቀቀው ደግሞ መዘግየት እንደማትችል ማን ነግሮኝ። አልለቀቀውም። ዙሩ አለቀ፤ የብልቃጡን አንገት ሰበረች፣ ሳበች፣ ሰጠችው። እጁ ላላ፤ ተኛ።

የናጅዋ ድምፅ አሁን ጩኸት አልነበረበትም።

«ለራስሽ ልጅ ሲሆን ወጣ» አለች።

እናቴ እስኪመሽ ድረስ ጣቷን ከዓሪፍ አፍንጫ ሥር አላነሣችም። መተኛቱን የምታረጋግጥ መስሎኝ ነበር። የምታዳምጠው ትንፋሹን ነበር፤ ለናጅዋ የነገረቻትን ፍርሃት ለራሷ ልጅም ትፈራው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ወጣ፤ መንገድ ተከፈተ፤ አባቴ ተመለሰ፤ የዓሪፍ ኪኒንም መጣ። ሚስባህ ግን አልመጣም። አብሮት የተወሰደ የሐራ ከተማ ሰው ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ አጠገቤ ሞተ ብሎ ቃል አመጣ። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄደች። ናጅዋ ጀርባዋን ሰጠቻት። እናቴ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፤ በማግሥቱም ሄደች፤ በሦስተኛውም። ቤታችን እሳት የሚጭር፣ ወንፊት የሚዋስ ቀረ። እኔን ልጆቹ «የንፉጓ ልጅ» ብለው ከገመድ ዝላይ አስወጡኝ።

ከዓመት በኋላ አበጋሮቹ መጡ። በእኛ ወረዳ በሀብሩ ደም ያለበትን ቂም የሚያወርዱ ሽማግሌዎች አበጋር ይባላሉ፤ እነሱ የዳኙትን እምቢ ያለ ሰው ሲነገር አልሰማሁም። አያ ኡበይደላ ደጅ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። እኔ ደስ ብሎኛል። እናቴ አንዲት ቃል ትናገራለች፣ ፍየል ይታረዳል፣ ከነገ ጀምሮ ገመድ እዘላለሁ። ሰዓዳ በሽማግሌዎቹ መሃል ድክ ድክ ትላለች፤ ወድቃ በቂጧ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች።

«መሪማ» አሉ ትልቁ አበጋር፣ «ማንም ካሳ አልጠየቀሽም። አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ በዪ። ናጅዋ ትምርሻለች፤ ነገሩ እዚህ ይቀበራል።»

«በዪ እንጂ» አላት አባቴ ቀስ ብሎ።

እናቴ ተነሥታ ቆመች። «ሚስባህ እንደ ወንድሜ ነበር። እስክሞት አለቅስለታለሁ። የወሰዱት ግን የወሰዱት ሰዎች ናቸው። እኔ አላጠፋሁም። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ካልኩ ሞቼ እገኛለሁ።»

ደጁ በጉምጉምታ ተሞላ። አንዱ ሽማግሌ «ዓይኗን በጨው ታጥባለች» ሲል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ኡበይደላ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አስባሉ። በዚያ ዓመት በጣም አርጅተው ነበር።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ብትሰጫት ኖሮ ትሞት ነበር?»

አዎ በያቸው፣ አልኩ በልቤ። አዎ ብትል ሁሉም ያልቃል፤ ማን ይመረምራታል? ናጅዋም ሳትቀር ቀና ብላ የእናቴን አፍ አፍ አየች። አሁን ሳስበው እሷም አዎ እንድትላት ፈልጋ ነበር። የሚስባህ መሄድ ቢያንስ የልጇን ነፍስ የገዛ ይሆንላት ነበር።

«አላውቅም፣ አያ» አለች እናቴ። «ላትሞት ትችል ነበር። ተኝታ ትነሣ ይሆናል። ሚስባህም ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ይሆናል። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ሌላ ምን የማስብ ይመስልዎታል? ቢሆንም ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ አልሰጥም። በሰው ልጅ ትንፋሽ ላይ ምናልባት እያልኩ አልሞክርም፤ ለልጄም አልሞከርኩ።»

አያ ኡበይደላ ጎንበስ ብለው ሰዓዳን ብብቷን ይዘው አነሡና፣ በሽማግሌዎቹ መሃል አቋርጠው ሄደው እናቴ እቅፍ ውስጥ አስቀመጧት። እናቴ ዓመት ሙሉ ያልነካቻትን ልጅ ያዘች። ሰዓዳ አላለቀሰችም፤ የእናቴን አገጭ በእጇ ያዘች። እናቴ ፊቷን ወደ ልጅቷ አፍንጫ አስጠግታ ትንፋሿን አዳመጠች።

ናጅዋ ብድግ ብላ መጣች። ልጇን ከእናቴ እጅ በኃይል ነጠቀቻት።

እናቴ ወዲያው ለቀቀቻት።

«ውሰጂያት» አለች። «እንድትወስጂያት ብዬ ነው ያኔ እምቢ ያልኩሽ።»